ከግራጫው ድንጋይ ወዲያ

ሜዳችን ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠሩ ሲመጡ ሁሉን ጠየቁ፣ እኔን ብቻ አልጠየቁም። ሊቀመንበሩን ጠየቁ፤ ሊቀመንበሩ የመጣው ከጥሊሊ ነው፣ ስለ ሜዳችን የሚያውቀው ከብት እንደሚግጥበት ብቻ ነው። ወጣቶቹን ሰብስበው ጠየቁ። ባለሦስት እግር መነጽር ይዘው ከባሕር ዳር የመጡት ልጆች እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። እኔ ማናየሽ፣ ያን ሜዳ ከደጃፌ ቆሜ ሃምሳ ዓመት ያየሁት፣ የተጠራሁት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እንድፈርም ነው።

ፊደል አልቆጠርኩም። አልደብቀውም፣ አላፍርበትምም። መሬት የሚያነብ ሰው ከፈለጉ ግን እኔ ነበርኩ። በመነጽሩ ለሚያየው ልጅ ነግሬዋለሁ።

«እስከ ግራጫው ድንጋይ ድረስ መሬት ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ያለው መሬት አይደለም፣ ክዳን ነው» አልኩት።

«የምን ክዳን?» አለ እየሳቀ።

«ከሥሩ ያለውን አላየሁትም። ያዩት ከብቶች አልተመለሱም።»

«አይዞዎት እማማ፣ ማሽኑ ይነግረናል» አለና አንድ ነገር ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ እሱና እግዜር ያውቃሉ።

የሜዳው ስም ፈረስ ሜዳ ነው፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ። ጥር ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ለት ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን አሸልመው፣ ቃጭል አስረው፣ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይለቁታል። መሬቱ ከበሮ ይሆናል። ግራጫው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ይዞራሉ። ማንም አያልፍም። ደንብ ሆኖ አይደለም፤ ፈረሱ ራሱ ይዞራል። ብትገርፈው አፍንጫውን ይነፋና ይዞራል። እኛም ፈረስ የሚያውቀውን ሰው አይከራከረውም ብለን ኖርን።

ማሽኑ የመጣው በመጋቢት ነው። በመጋቢት የእኛ አገር ረግረግ ቅርፊት ያበጃል፣ በላዩ ልትጨፍርበት ትችላለህ። ማሽኑም ወጋ፣ ደረቅ ነው አለ። ቀይ አሸዋ በመኪና አመላለሱ፣ አስፋልት አለበሱት። ግራጫውን ድንጋይ ነቅለው በማረፊያው በር ላይ አቆሙት፣ ዙሪያውን አበባ ተከሉለት። እንደ ጌጥ።

ከዚያ አውሮፕላኑ መጣ። በርካሽ የሚያበር ድርጅት ነው አሉ፤ ጭራው ቢጫ ስለሆነ እኛ ቢጫ ጭራ አልነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። የድንች ነጋዴ ሳይቀር ሲሳፈርበት አይቻለሁ። የታመመ ሰው ጠዋት ሄዶ፣ አዲስ አበባ ታይቶ፣ በሳምንቱ በእግሩ ይመለሳል። ልጄ እናትነሽ ዳንግላ ነው የምትኖረው፤ የባሏን ኩላሊት ያሳከመችው በሱ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑን ያባረረችው ማናየሽ ናት የሚለኝ ሰው አፉን ይያዝ።

በሁለተኛው ክረምት ሽባባው ቤቴ መጣ። ሽባባው የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ አርባ ያለፈው ጎልማሳ፤ ማረፊያው ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን ያሻል።

«እማማ፣ በሰፈሩ ፈረሱን የለቀቀ ሰው ማን ነው?»

«የምን ፈረስ?»

«አብራሪው ሊያርፍ ሲል መንደርደሪያው ላይ አየሁ ብሎ ሽቅብ ተመለሰ። ዞሮ ዞሮ ነው ያረፈው። ሦስታችን ወጥተን ፈለግን። ምንም የለም። አጥሩ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል፣ ዝንጀሮ አያሾልክም።»

«ምን ዓይነት ፈረስ ነው አለ?»

«ቀይ። ደማቅ ቀይ። ኮርቻ የተጫነ።»

እንዲህ ያለውን ፈረስ ዳማ እንለዋለን። የያዝኩትን የማሽላ ሰፌድ አስቀመጥኩ።

«ሰው ነበረበት?»

«አልለየውም። ጉም ነበር አለ።» ከዚያ አየኝና፣ «ምነው እማማ?» አለ።

«ምንም። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

በዚያ ክረምት ሦስት ጊዜ ሆነ። ሦስቱም ጊዜ ሌላ አብራሪ ነው፣ ሦስቱም ቀይ ፈረስ አሉ። ቢሮው የከሰል ጭስ ነው፣ ዓይን ያታልላል ብሎ ከሰል አክሳዮቹን ከአጥሩ አራቀ። ቀጥሎ አስፋልቱ መስጠም ጀመረ። ድንጋዩ ከነበረበት ወዲያ ያለው ብቻ። በሳምንት ሁለት ጣት፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጣት። አራት መቶ ሜትሩን በቀይና ነጭ በርሜል ዘጉት። የቀረው ደግሞ አጠረ። አገራችሁ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሳይንደረደር አይነሣም አሉ። መጀመሪያ ሻንጣ ማስቀረት ጀመሩ፤ ሰው እየሄደ ልብሱ ይቀራል። ቀጥሎ ሰውም ማስቀረት ጀመሩ። በመጨረሻ በቀጣዩ ግንቦት መባቻ ቢጫ ጭራው ግማሽ ባዶ ሆኖ ተነሣ፣ ሆዱ የአጥሩን ጫፍ ሊነካ ምን ቀረው፣ በዚያው ቀረ። መንደርደሪያው እስኪሠራ አንመጣም የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ።

ሰው ሁሉ ወረቀቱን እያነበበ ሲያማርር እኔ የማስበው ኮርቻውን ነበር።

ሽባባውን፣ «ውሰደኝና አሳየኝ» አልኩት። አልፈለገም። «እናትህን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፣ አንተ ተገልብጠህ ስትመጣ እግርህን ይዤ የሳብኩህ እኔ ነኝ» ስለው ከፈተልኝ።

እኩለ ቀን ነው። የእኛ አገር ጉም ግን እኩለ ቀን አያውቅም፤ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ተነሥቶ ይመጣና ሰውን ከነጥላው ይውጠዋል። በጥቁሩ አስፋልት ላይ ሄድን፣ ሄድን። ወፍ የለም። የሽባባውን ጫማ እሰማለሁ፣ የራሴን ዱላ እሰማለሁ። በርሜሎቹ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ አልሄድም» አለ። ማተቡን ጨብጧል።

«እንደ ፈረሱ ሆንክ» አልኩትና አለፍኩ።

አስፋልቱ እንደ ትሪ ጎድጉዷል። መሐሉ ላይ ውሃ አቁሯል፣ ጥቁር ውሃ፤ ዝናብ ከጣለ አራት ቀን ሆኖታል። ከውሃው ዳር ጀምሮ ደረቁ አስፋልት ላይ ኮቴ ነበረ። ጭቃ አይደለም፣ እርጥበት ብቻ። ከውሃው የሚወጣ እንጂ ወደ ውሃው የሚገባ የለም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የኋላ ግራው ኮቴ ጫፉ ላይ ተሸርፏል።

ያን የተሸረፈ ኮቴ አውቀዋለሁ። ዳማችን በውርንጭላነቱ ድንጋይ ቆርጦት ነው፤ ቅቤ እየቀባሁ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ቀና ስል ኮቴው በርሜሎቹን አልፎ በመጣንበት መንገድ ይሄዳል። ስንመጣ አልነበረም። ሽባባው በቆመበት ሁለት ክንድ አጠገብ አልፏል፤ እሱ ግን ፊቱ ወደኔ ነው፣ ምንም አላየም።

«ሽባባው፣ አንድ ነገር አልፎሃል?»

«ቃጭል» አለ። ድምፁ ሕፃን ሆኗል። «እማማ፣ የምን ቃጭል ነው?»

ቃጭሉ አላስጨነቀኝም። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ጭቃ ላይ ቢሆን ኮቴው ይነግረኝ ነበር፤ ሰው የተቀመጠበት ፈረስ ኮቴው ይጠልቃል፣ ባዶው ላይ ላዩን ነው። አስፋልት ላይ ግን ምን አውቃለሁ? እርጥበቱ ዓይኔ ሥር ደረቀ፣ ጠፋ።

አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመት የያዝኩትን እናገራለሁ።

ባሌ ዓለምነው ፈረሰኛ ነበር። በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ጓደኞቹ በፈረስ ሆነው ያለቅሱለታል፤ የሟቹን ፈረስ አሸልመው ባዶ ኮርቻውን ከአስከሬኑ ኋላ ይስቡታል። በሐምሌ አንድ ጓደኛው ሞቶ ዳማውን ጭኖ ሊሸኘው ሄደ። ከመሄዱ በፊት ተጣላን። ቻግኒ ሴት አለችው ይባል ነበር። «ሂድ፣ እሷው ጋ እደር» አልኩት። ሲመለስ ጓደኞቹ ሜዳው ጫፍ ላይ ተለይተውታል፤ ጉም ነበር፣ አቋርጬ እገባለሁ ብሏቸዋል። አልገባም።

ሦስት ቀን ፈለግነው። ረግረጉ ውስጥ ነው እንዳልል ዳማ ከድንጋዩ አያልፍም። ቻግኒ ሄዷል እንዳልል ልቤ እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ከምንጭ ውሃ ስቀዳ የሴቶቹን ሳቅ ሰማሁ። «ማናየሽን ጥሏት ሄደ፣ ያቺን የኩራት ጎተራ።» እንስራዬን ሞልቼ፣ ቀና ብዬ፣ በመሐላቸው አልፌ ገባሁ።

በማግስቱ ወንድሜ ይሄነውና እኔ የግራር ግንድ ቆረጥን። በጋቢው ጠቀለልነው፣ ጫማውን ከታች አደረግን፣ በሰሌን አሰርነው። ወንዝ ተፍቶታል፣ አካሉ ተበላሽቷል፣ እንዳይፈታ አልን። እድሩ መጣ፣ ፈረሰኞቹ መጡ። የሚሳብ ፈረስ ስለሌለ የሰው ፈረስ ተውሰው የዓለምነውን ጌጠኛ የፈረስ ልብስ፣ ግላሱን፣ አለበሱት። ቄስ ምህረቴ ፈቱለት። ምንጭ ላይ የሳቁት ሴቶች ደረታቸውን ደቁ። እናትነሽ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በየዓመቱ ያንን ግንድ ሻማ ስታበራለት አደገች።

ይሄነው ምስጢሩን ይዞ ሞቷል። እኔም ይዤው ልሞት ነበር።

ከኮቴው በኋላ በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ። ፀጋው ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ሰኞ ያንን ጉድጓድ በድንጋይና በኮንክሪት እንደሚሞላ ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ምድር ብትገለበጥ አይነቃነቅም።

«ሳትሞላው ቆፍረው» አልኩት። «ባሌ ከነፈረሱ ከዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።»

ከሣጥን ወረቀት አወጣ፣ ገለጠ። «እማማ፣ ሥራው ሲጀመር መቃብር ያለው ያስመዝግብ ተብሎ ነበር። እርስዎ ባለቤቴ በጊዮርጊስ ተቀብሯል ብለዋል። ይኸው ጣትዎ።»

አየሁት። የእኔ ጣት ነው፣ ሰማያዊ።

«ሰው ሁለት ቦታ አይቀበርም» አለ በለሰለሰ አፍ።

«አንድም ቦታ ያልተቀበረ ግን አለ።»

«ምስክር አለዎት?»

ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ለመመስከር ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት የቆምኩበትን መንቀል ነው።

«እማማ ይስሙኝ፤ ድርጅቱ ክረምቱ ሳይገባ ካልጨረሳችሁ ወደ ሌላ ከተማ እንዞራለን ብሏል። በእጅ ስንቆፍር ዝናብ ይቀድመናል። በፈረስ ወሬ ሥራ ላስቆም?»

ፈረሱን እንኳ እኔ አልነበርኩም ያየሁት፣ የራሳቸው አብራሪዎች ናቸው። አብራሪ ሲያይ ሪፖርት ነው፣ እኔ ስናገር ወሬ ነው። ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በማረፊያው በር ድንኳን ተተከለና ሕዝቡ ተጠራ። እናትነሽን በስልክ አስጠርቻት ከዳንግላ መጣች፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ቄስ ምህረቴ ከፊት ናቸው፣ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የመጡት። ፀጋው ተነሥቶ አስረዳ፤ ስንት መኪና ድንጋይ፣ ስንት ቀን፣ ቢጫ ጭራው መቼ እንደሚመለስ። ተጨበጨበ።

«አስተያየት ያለው?» አለ።

ዱላዬን ተክዬ ተነሣሁ። «እንዲቆፈር ነው የምፈልገው» አልኩ። «ዓለምነው ከነፈረሱ ከዚያ ሥር ሊሆን ይችላል።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። አንዲት የድንች ነጋዴ ከኋላ፣ «አውሮፕላን ልናስመልስ ተሰብስበን ይህች ደግሞ ፈረስ ታስመልሳለች!» አለች። ሳቁ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ የምንጩ ሳቅ ነው፣ ልጆቻቸው ወርሰውታል።

እናትነሽ ቀሚሴን ሳበች። «እማ፣ ምን ሆነሻል? አባዬ እኮ ጊዮርጊስ ነው።»

«ጊዮርጊስ ያለው ግንድ ነው» አልኩ። ለሷ ብቻ አይደለም፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የግራር ግንድ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ እኔ ነኝ የገነዝኩት። ጥሏት ሄደ እንዳትሉኝ ብዬ ነው። አባ፣ ለእንጨት ነው ያስፈታሁዎት። ቅጣቴን ይስጡኝ፤ ግን እዚህ መስክሬያለሁ።»

ዝናብ የሚጥል ይመስል ሁሉም አንገቱን አቀረቀረ። የእናትነሽን ፊት ማየት አልቻልኩም። ቄስ ምህረቴ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ማናየሽ» አሉ።

«አቤት አባ።»

«ወደ ጉድጓዱ ሲያወርዱት ተንኳኳ። ሰው አይንኳኳም።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሥጋ የሌለው ለቅሶ ነው ብዬ ስሙን ጠርቼ ፈታሁለት፣ ለእንጨቱ አይደለም። አንቺን እንዳላዋርድ ዝም አልኩ። ንስሐ ትገቢያለሽ ብዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠበቅኩሽ። አንቺ እቴ፣ በግትርነት ከበቅሎ ትብሻለሽ!»

የሳቀ የለም። ሽባባው ከበሩ ተነሥቶ መጣና፣ «እኔም ቃጭሉን ሰምቻለሁ፣ ከሥራ ብታስወጡኝም ሰምቻለሁ» አለ። ፀጋው ወረቀቱን በእጁ ይዞ አንዴ ቄሱን፣ አንዴ እኔን ያያል።

ያን ጊዜ ነው እናትነሽ በጆሮዬ የተናገረችው። «እማ፣ ቆፍረው ቢያጡትስ? ወይም ዳማ ብቻ ቢገኝ? እሱ ወርዶ ፈረሱን ለቆ ቻግኒ ሄዶ ቢሆንስ? ይህ ሁሉ ሰው እያየ?»

«ይየው። አንቺም ለግንድ ሻማ ማብራት ይብቃሽ።»

ከዚያ በሰዎቹ መሐል አልፌ ወደ መሐንዲሱ ሄድኩ። ማይኩን ሊሰጠኝ ዘረጋ፤ አልነካሁትም፣ ድምፅ አላነሰኝም።

«ስማ ልጄ። ምስክር አምጪ ብለሃል፣ አምጥቻለሁ። ያን ጣቴን ከወረቀትህ ላይ ሰርዘው፣ ውሸት ነው። ድንጋይህን ከማፍሰስህ በፊት ውሃውን ቅዳና ጉድጓዱን ቆፍር። በማሽን አይደለም፣ በአካፋ፤ ማሽን አጥንትና ሥር አይለይም። እኔም ዳር ላይ ቆሜ አያለሁ፣ ዝናብ ነው ብለህ አታስገባኝም። ፈረሱ ብቻውን ቢወጣ ብቻውን ነው በለኝ። ኮርቻው ባዶ ከሆነ ባዶ ነው በለኝ። አሮጊት ናት፣ ታዝናለች ብለህ የሌለ አጥንት አታምጣልኝ፤ የሌለውን እኔ አንዴ ቀብሬዋለሁ። አሁን እነዚህ ሰዎች እየሰሙ ንገረኝ፤ ሰኞ በስንት ሰዓት ትጀምራለህ?»